ጥቁር የቀባኋት ታንኳህ

ውድ ባለቤቴ ማቴዬ፣

ከተለየኸን ስምንተኛ ወሩን ያዘ። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን እሰማለሁ? እኛ አለን። ፈረንሳይ ለጋሲዮን እንደተውካት ናት፤ መብራቱ በፈረቃ ነው፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድም ያው ነው። ልጅህ ሶስና አሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ያንተን አክሏል። ዕቃ ቤቱን ለተማሪ አከራይቼዋለሁ። መሣሪያዎችህን አልጋዬ ሥር አስገብቻቸዋለሁ።

ልጽፍልህ የተነሳሁት ግን ስለ ታንኳዋ ነው። አንተ ካያክ በሏት ብትልም ሰፈሩ ታንኳ ከማለት አልወጣም። ዳገት ላይ ጀልባ የሚሠራ ሰው አይተው አያውቁምና ኖኅ እያሉ ሲቀልዱብህ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ ስቀዝፍ ታያላችሁ እያልክ ትስቅ ነበር። ከታመምክ በኋላ እንኳ ተቀምጠህ ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት ትፈትግ ነበር። የቀረው ማቅለሙ ነበር። ከሶስና ጋር ቀዩን የእንጨት ቀለም ቁራጭ ጣውላ ላይ ሞክራችሁ መረጣችሁ፤ ትንሽ ሲሻልህ ልትቀቧት ስትጠብቁ ሄድክ።

ጥቁር እንዳትለብሺ ብለህ አስምለኸኝ ነበር። ለቅሶው ላይ እናቴና እህቶቼ ልብሳቸውን በርሜል ውስጥ በጥቁር ቀለም ሲቀቅሉ እኔ ነጠላዬን አልሰጠኋቸውም። ድንኳኑ ሲነሳ የተረፈው ቀለም ግቢው ውስጥ ቀረ። ቸርች ስሄድ ግን ሰው ሁሉ ልብሴን እያየ፣ ጌታ እንዴት አጽናናሽ፣ እንዴት ያለሽ ብርቱ ነሽ ይለኛል። አሜን እላለሁ። ብርቱ አይደለሁም ማቴ። አንድ እሑድ ከቸርች ስመለስ ቀለሙን አሞቅኩና ጨርቅ እየነከርኩ ታንኳዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጠቆርኳት። እኔ ያልለበስኩትን እሷ ትልበስ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስጨርስ ቀለል አለኝ።

ሶስና መጥታ አየቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጋችኝ። ከአንተ ጋር የመረጠችውን ቀለም ከእጇ ነጥቄያታለሁና አልፈረድኩባትም። ወንድምህ ጳውሎስ ታንኳዋን ጫሞ ሊያደርስልህ ቅዳሜ በአይሱዙ እንደሚመጣ ሲደውል፣ ከዚያ በፊት ጥቁሩን ፍቃ ቀዩን ልትቀባት ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ተነሳች። ይህ ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም ከላይ አይቀመጥም፤ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ጣቶቿ እስኪደሙ ብትፈትግም ጥቁሩ አልለቅ አላት። ላግዝሽ ብላት እጄን ገፋችው። እኛ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ ልጄንም ያጣኋት መሰለኝ።

ትናንት መቀመጫው አጠገብ ስትደርስ ድንገት ቆመች። ጥቁሩ ያልያዘው ቦታ አገኘች፤ አምስት ጣትና መዳፍ። ጣውላውን ስታጣብቅ ኮላ በነካው እጅህ ተደግፈህበት ኖሯል። ኮላ የጠጣ እንጨት ደግሞ ቀለም አይቀበልም። እኔ ስቀባ እንባዬ ጋርዶኝ አላየሁትም።

"እማዬ፣ የአባዬ እጅ ነው" አለችኝ።

ብርጭቆ ወረቀቱን ጣለችው። ተቃቅፈን አለቀስን። ማታ ትንሽ ትንሽ አወራን፤ እንደ ጥቁርነቷ ትሂድ ተባባልን።

ጳውሎስ ግን ቫርኒሽ ካልተቀባች ውሃው ይበላታል ይላል። ሶስና ነገ ትቀባታለች። ከነገ ጀምሮ የምነካው ቫርኒሹን ነው፣ አንተ የነካኸውን እንጨት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ልጅቷን ትምህርት ቤት ሸኝቼ ግቢው ውስጥ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ግራ መዳፌን መዳፍህ ላይ አሳርፌዋለሁ፤ ጣቶችህ ከጣቶቼ አልፈው ይታያሉ። የእጅህን ስፋት እስክሞት አልረሳውም ማቴዬ። ጽሑፌ ቢንጋደድብህ ወረቀቱን የሚይዝልኝ እጅ ስለሌለ ነው፤ ግራዬን እስካሁን አላነሳሁትም።