አንቀጽ ዘጠኝን አክብሮ ስለሞተው ልጄ

ለተከበሩ የቤት ዕቃ ማጓጓዣና ሎጂስቲክስ ድርጅት የሕግ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎም የቤተሰብዎም ጤንነት የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ለወገብዎ ግን ብዙም አልሰጋም፤ ከብዕር የከበደ ነገር እንደማያነሡ አውቃለሁና።

ዜናው የደረሰኝ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። በጽዳት በምሠራበት ትምህርት ቤት የአንዱን ክፍል ወለል ወልውዬ ባልዲውን አንሥቼ ልወጣ ስል፣ የልጄ የሥራ ጓደኛ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ይህ ሰው አፉ ስለማያርፍ ጫኝና አውራጆቹ ሁሉ «ሬዲዮ» ይሉታል። ያን ቀን ግን ባልዲውን ከእጄ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው፤ እኔም ያኔ ገባኝ።

ከቀብሩ አሥራ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ የክፍልዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ደብዳቤ ላመሰግንዎ ነው። እናንተ ነገርን በቁጥር ማስፈር እንደምትወዱ ስላየሁ፣ እኔም እንደ አቅሜ በቁጥር አስፍሬዋለሁ።

፩. ስለ ቁም ሣጥኑ ደህንነት ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ልጄ ሲያወርደው የሞተበት ባለ ስድስት በር ቁም ሣጥን፣ በግራ እግሩ ላይ ከደረሰበት ትንሽ ጭረት በቀር፣ ለባለቤቱ በሰላም መድረሱን፣ ጭረቱም በቀለም መሸፈኑን ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። ስለ ቁም ሣጥኑ ዘጠኝ መስመር፣ ስለ ልጄ ሁለት መስመር ተኩል ተጽፏል። እናት ነኝና ቆጠርኩት።

፪. አንቀጽ ዘጠኝን ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው ላስረዳ፤ ሁለት ሰዎች ከባድ ዕቃ በደረጃ ሲያወርዱ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሆናል። ክብደቱ የሚያርፈው በታችኛው ላይ ነው። ልጄ ትከሻው ሰፊ ስለነበር ሁልጊዜ ታችኛውን ቦታ ይወስድ ነበር። ጫኝና አውራጆች ከጥንት የያዙት አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ታችኛው «በቃኝ» ካለ ሁለቱም ዕቃውን ለቀው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ የወደቀው ይወድቃል፤ ማንም ማንንም አይወቅስም። ክፍልዎ ድርጅቱን ከደንበኞች ክስ ለመጠበቅ ሲል ባለፈው ዓመት አዲስ ቅጽ አወጣ። ሠራተኞቹ በየጠዋቱ መኪና ላይ ከመውጣታቸው በፊት ይፈርሙበታል። አንቀጽ ዘጠኝ «ጫኙ ዕቃውን በማናቸውም ሁኔታ ሊለቅ አይችልም» ይላል። «በማናቸውም ሁኔታ» የምትለዋ እንዴት ያለች የተዋበች አነጋገር ናት! እኔ እንኳ አንዴ ያነበብኳት ከአእምሮዬ አልጠፋችም። ከልጄም አልጠፋችም። ቁም ሣጥኑን ይዘው ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ የመሸከሚያው ጠፍር ተበጠሰ፤ ክብደቱ ሁሉ ልጄ ላይ ተጫነ። ሬዲዮ ከላይ ሆኖ ያየውን የነገረኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ዓይኔን ማየት አቅቶት ወለሉን እያየ፦ «ልቀቀው፣ ወንድሜ፣ ልቀቀው አልኩት። ‹ፈርመናል እኮ› አለኝ።»

፫. አሁን ወደ ሁለቱ መስመር ተኩል ልመለስ። «ሟች ዕቃውን በጊዜ ለቆ ባለመራቁ፣ አደጋው በራሱ ቸልተኝነት የደረሰ ነው» ይላል ደብዳቤዎ። ምራቴ እስከዚህ ድረስ ጮክ ብላ አነበበችልኝና ወረቀቱን አጥፋ ተነሣች። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ልጄ ቢለቅ አንቀጽ ዘጠኝን ጥሷል፤ ባይለቅ ቸልተኛ ነው። ሰውየው የት ይቁም ብዬ ለመጠየቅ ሦስት ጠዋት ቢሮዎ ተመላለስኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ፣ እግዜር ይስጣትና፣ «እማማ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አረፍ ይበሉ» እያለች ለስላሳ ወንበር ሰጠችኝ። ወንበሩ በጣም ይመቻል። አራት ፎቅ ተሸክሞ ያወጣው ማን ይሆን እያልኩ ተቀመጥኩበት። በሦስተኛው ቀን እርስዎ ቆመው ተቀብለውኝ፣ አንቀጽ ዘጠኝ በውል ፋይል፣ ለእኔ የተጻፈው ደብዳቤ ደግሞ በአደጋ ፋይል ስለሚቀመጡ እርስ በርስ ሊጋጩ እንደማይችሉ በትዕግሥት አስረዱኝ። ይህን ያህል እውቀት በነፃ በማግኘቴ ተደንቄ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ግድግዳውን ተጠግቼ ነበር።

፬. ልጄ ስለሞተበት ሕንፃ አሳንሰር ብዙ አልልም። መስተዋቱ እንዳይቧጨር ዕቃ በአሳንሰር እንዳይወርድ ከሕንፃው አስተዳደር ጋር የተፈራረማችሁት እናንተ ናችሁ አሉኝ። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ መስተዋቱ ጭረት የለውም።

ካሳ ልትጠይቅ ነው ብለው እንዳይሰጉ። የምለምንዎ አንዲት ቃል እንዲሰርዙልኝ ብቻ ነው፤ ቸልተኝነት የምትለዋን። ልጄ ከቤት ሲወጣ በሩን ቆልፎ፣ ተመልሶ መቆለፉን የሚያይ ሰው ነበር። አልጋዬን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲያዛውርልኝ እንኳ፣ ወለሉ እንዳይጫር እግሮቹን በጨርቅ ይጠቀልል ነበር። ሁለት ልጆች አሉት፤ ትልቋ ማንበብ ጀምራለች። አንድ ቀን የአባቷን ፋይል ትጠይቃለች። ያን ቀን «ውሉን በማክበሩ ሞተ» የሚል ብታገኝ ታለቅሳለች፤ ግን ቀና ብላ ታለቅሳለች። እውነቱም ይኸው ነው፤ ለመጻፍ ከሁለት መስመር ተኩል ያነሰ ቦታ ይበቃዋል።

ስለ ቅልጥፍናዎ፣ ስለ ለስላሳው ወንበርና ስለ ሁለቱ ፋይሎች ያለኝን የላቀ አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ቢሮዎ ሁልጊዜ ከአደጋ የተጠበቀ እንዲሆን እመኛለሁ።

የታችኛው ተሸካሚ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ጠዋት ቅጹ ሲታደል ሬዲዮ አንቀጽ ዘጠኝን በብዕር ሰርዞ ፈረመ አሉ። ከኋላው የቆሙትም አንድ በአንድ እየሰረዙ ፈረሙ። እርስዎም ስረዛው ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን እያጠኑ እንደሆነ ሰማሁ። አይቸኩሉ፣ በደንብ ያጥኑት፤ እስከዚያው እነሱ ይለቃሉ። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ዛሬ ስትጸልዩ ልጄን አስቡልኝ፤ ሸክሙ ከላዩ እንዲነሣለት፣ ነፍሱም እንድታርፍ ጸልዩለት።