የማይታይ ነበልባል

ዬሬቫን፣ ረቡዕ፣ ጥር 1993 እ.ኤ.አ.

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ትከሻህስ እንዴት ሆነልህ? ብርድ ሲነካኝ እስከ ክርኔ ይነዝረኛል ብለኸኝ ነበር፤ እዚህ ከተማው ዳር ባለው ካምፓችሁ ውስጥ የሚነድ ነገር ታገኛላችሁ? እኛ ከብርዱ፣ ከጨለማውና ከዳቦው ሰልፍ በስተቀር ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። የመጨረሻውን ወንበር ፈልጠን አነደድነው፤ «ከእንግዲህ እንግዳ ከመጣ ቆሞ ይበላታል» ትላለች። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ አትሳቅብኝ፤ እጆቼ በፋሻ ተጠቅልለው ነው።

ስለ አለቃችን ስለ ጓድ ኑባር ሳትሰማ አትቀርም። ቢሆንም ከእኔ ስማው።

አንተ ግንባር ከሄድክ ወዲህ ላቦራቶሪው የምታውቀው አይደለም። መብራት ስለሌለ ባክቴሪያዎቹን የምናሞቅበት ሳጥን በድን ሆኗል። ጓድ ኑባር ዘሩ እንዳይጠፋ የመስታወት ቱቦዎቹን ለሦስት አካፈሉንና በየብብታችን አስያዙን፤ ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት የሰው ገላ ሙቀት ነዋ። ዕቃ አጣቢዋን እትዬ ፔፕሮንን ታውቃቸው የለ? «ባል ሳላቅፍ አርጅቼ ጀርም አቀፍኩ! ደግነቱ ይሄኛው አያንኮራፋም» እያሉ ሲያስቁን ይውላሉ። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከመኪና ባትሪ በምናገኛት ጭላጭ ኤሌክትሪክ፣ ባክቴሪያዎቹ አየር ሲነፈጉ በሽፋናቸው ላይ ያለው ኃይል እንዴት እንደሚዘል ለካሁ። ከተመረቅሁ ዓመት ሳይሞላኝ ጓድ ኑባር ራሳቸው ያላዩትን አየሁ! ግንባሬን ሳሙኝ። «በቃ፣ እኔ ጡረታ ልውጣ» አሉ።

ይህ ያለፈው ሳምንት ሰኞ ነበር። በማግስቱ፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ አራት ሰዎች ገቡ። የወታደር ልብስ፣ ጠመንጃ፣ የመጠጥ ቤት ሽታ። ጢማሙን ሌሎቹ ሰቶ ይሉታል። አራተኛው ፊቱን እስከ ዓይኑ በሻርፕ ጠቅልሎ ከበሩ ላይ ቀረ።

ሰቶ ቁምሳጥን አልከፈተም፣ መሳቢያ አልጎተተም። ቀጥ ብሎ መታጠቢያው ዘንድ ሄደና ከሥሩ ያለውን ሣንቃ በጫማው ገነጠለው። አንተ በሚስማር የመታኸውን ሣንቃ። ሰማያዊውን ጀሪካን አወጣ።

አንተ እያለህ እዚያ የሚቀመጠው ንጹሕ አልኮል ነበር፤ የተመረቅሁ ዕለት ከአፕሪኮት ጭማቂ ጋር ደባልቀን የጠጣነው። ከሄድክ በኋላ ግን ጓድ ኑባር ያን ሁሉ ለቁስለኞች ሆስፒታል ሰጡ። ለማንደጃ የእንጨት አልኮል አግኝተን፣ ሌላ ዕቃ ስላልነበረን እዚያው ጀሪካን ውስጥ ገለበጥነው። መልኩ ያው፣ ሽታው ያው። ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ሲበዛ ይገድላል። ይህን አንተ ልታውቅ አትችልም።

«ልጆቼ፣ ይሄ አይጠጣም፤ ያሳውራል» አሉ ጓድ ኑባር።

ሰቶ ከት ብሎ ሳቀ። «ሰማችሁ? ይሄ መጤ ሽማግሌ ለብቻው ሊታወር ደብቆት ነው!»

ጀሪካኑን አልለቅም ሲሉት በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። ጥርሳቸው ወለሉ ላይ ሲንከባለል ሰማሁት። ደገማቸው፣ ደረታቸው ላይ፤ ብብታቸው ውስጥ ያሉት ቱቦዎች ደቀቁ፣ ያ ዕድሜ ልካቸውን ያሳደጉት ዘር ከደማቸው ጋር ተቀላቅሎ በሸሚዛቸው ወረደ። እትዬ ፔፕሮን «እጅህ ይሰበር፣ አንተ ከብት! አባት የለህም?» ብለው ቢጮኹበት በጥፊ አጋደማቸው። እኔ «እውነታቸውን ነው፣ መርዝ ነው!» እያልኩ ስጠጋ አንደኛው በፀጉሬ ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ፤ የእኔም ቱቦዎች ተሰበሩ። በሩ ላይ ያለው ሰው አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ ቆመ።

ሰቶ በመለኪያ ብርጭቆ ቀዳና ለእሱ ዘረጋለት። «እንካ፤ ቤቱን ያሳየኸን አንተ ነህ፣ መጀመሪያው ያንተ ነው» አለው።

ሰውየው ሻርፑን በጣቱ ዝቅ አደረገ። ጓድ ኑባር ከወለሉ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እኚያ ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ቁጭ ብለው የሚያርፉት ሽማግሌ እንደ ድመት ተወረወሩ። ብርጭቆውን ከከንፈሩ ላይ መቱት፤ ጀሪካኑን አቅፈው ዘቀዘቁት። አልኮሉ እየተንዶለዶለ እስከ ምድጃው ሄደ።

የእንጨት አልኮል እሳቱ በቀን ብርሃን አይታይም። ነበልባል ያየ ማንም የለም፤ ያየነው የሰቶ ጢም ሲጨማተር፣ የጓድ ኑባር እጅ ቆዳ ሲነሳ ነው። እሳቸው ግን ጀሪካኑን አልለቀቁም፤ ጠብታ እንዳይቀር እያራገፉ ነበር። ሦስቱ እየተሳደቡ እየተጋፉ ሮጡ። አራተኛው እጅጌው ተያይዞ ግድግዳውን ታክኮ ሲያፈገፍግ ቆየና፣ ጓድ ኑባርን ተራምዷቸው ወጣ። እኔና እትዬ ፔፕሮን በጨርቅም በእጃችንም እየመታን አጠፋነው።

አሁን ሆስፒታል አብሬያቸው ነኝ። ትኩሳቱ ሲበረታ ለእኛ ነግረውን የማያውቁትን ይናገራሉ። ልጅ ሆነው ከአሌፖ ሲመጡ የትምህርት ቤት ልጆች «መጤ» እያሉ አፍንጫቸውን ሰብረውታል፤ «ከብስክሌት ወድቄ ነው» ይሉን አልነበር? አባታቸውን የመንግሥት ሰዎች ወደ ሳይቤሪያ ጭነው ወስደው አልመለሷቸውም። ሌኒንግራድ ፊዚክስ ተምረው ሲመረቁ፣ እንደ እኔና እንደ አንተ ዓለምን የሚገለብጡ መስሏቸው ነበር። ስም የሌለው ተቋም ጠራቸው፤ ቤት፣ ደሞዝ፣ ሥጋ ሊሰጣቸው። ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ቶሎ እንዲገድል አድርግልን አሏቸው። «እኔ እንዴት እንደሚኖር ነው የማጠናው» ቢሉ ጣታቸውን በመሳቢያ ቀረቀሩባቸው። ከዚያ ወዲያ ማሳተም ክልክል፣ ከአገር መውጣት ክልክል፤ ምድር ቤት ውስጥ ከአንዲት የባክቴሪያ ዘር ጋር ተዘግተው ኖሩ። ክልከላው ከተነሳ ወዲህ ታትሞ ከሩቅ አገር ሰው የሚጽፍላቸው ያ ሁሉ ሥራ ከዚያ ምድር ቤት የወጣ ነው።

ትናንት ፖሊስ መጥቶ ማን እንዳደረገው ጠየቃቸው። «ምድጃው ነው፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ተደናቀፍኩ» አሉት።

«ጓድ፣ ምድጃ ጥርስ ያወልቃል እንዴ?»

«የእኛው ያወልቃል» አሉት።

ፖሊሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድምሽ ዓይኑ ደህና ነው?» አሉኝ። ትከሻህ የቆሰለ መሆኑን ያውቃሉ፤ ስለ ዓይንህ ለምን እንደጠየቁኝ አልጠየቅኋቸውም። ደህና ነው አልኳቸው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሐኪሞቹ ዓርብ ጠዋት ሁለቱንም እጃቸውን ሊቆርጡ ነው። ለመዝመት የተሰናበትካቸው ዕለት በጥፊ መትተውህ የለ? ቀኝ እጃቸውን አሳዩኝና «ያን ልጅ የመታሁት በዚህ ነው፤ ይሄስ ይቆረጥ» ብለው ሊስቁ ሞከሩ፤ ጥርስ ግን የላቸውም። ከእትዬ ፔፕሮን ብብት አንዲት ቱቦ ተርፋለች፤ እሷን አባዝተን መለካቱን እንቀጥላለን። እኔ አለሁልዎ ስላቸው፣ «ያንቺ ሁለት እጅ ነው፤ ሥራው አራት ይፈልጋል። ወንድምሽ ይምጣ በይው፤ ሌላ ምንም አትበይው» አሉኝ።

ስለዚህ ሌላ ምንም አልልህም። ልቤ ምን ያህል እንደተቃጠለ እንኳ አልነግርህም። መኪናችሁ ቅዳሜ ወደ ግንባር ይነሳል ብላኛለች እማዬ። አንተ ዓርብ ና። እጅ እያላቸው ና።

የዚያን ማክሰኞ ማታ ትተኸው የሄድከውን ካፖርት እማዬ እጅጌውን ጠግናልሃለች። ምን አቃጠለው ብላ ስትጠይቀኝ ምድጃ አልኳት። ነገ ልትወስደው ስትመጣ ይህን ደብዳቤ ከኪሱ ታገኘዋለህ፤ በፊቷ አታንብበው።

እግዚአብሔር ከጥይትና ከክፉ ጓደኛ ይሰውርህ። እናትህ ሳትቀብርህ እንድትቀብራት ያብቃህ። ዓርብ ከማለዳው ጀምሮ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ታናሽ እህትህ