ሁለተኛው ዓይን

አባዬ፣

ከተለየኸኝ ትናንት፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ሁለት ዓመት ሞላህ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ከስደት አገራችን ከገዳሪፍ ሙቀት ወጥተህ ደህና ካልሆንክማ ምን እላለሁ። እኔ አለሁ፣ ያው ያለሁበት አለሁ።

ቀለም የምትበጠብጥባትን የጭድ ጥላ፣ ራኩባችንን፣ ያለፈው ክረምት ንፋስ ጣላት። መልሼ አላቆምኳትም። ለማን ብዬ።

ወረቀቱን ልንገርህ። የቤተ ክርስቲያናችን የሚካኤል ሥዕል ሲያልቅ ጎንደር እንገባለን ትለኝ አልነበር? ድንበሩ ጋ፣ ገላባት ድረስ መሄጃ ፈቃድ እንኳ ከለከሉኝ። የተመዘገብኩት በአንተ የስደተኛ ካርድ ነው፤ ጸሐፊው ስሜን አይቶ የቤተሰቡ ኃላፊ ራሱ ይቅረብ አለኝ። ሞቷል አልኩት። እንግዲያው ካርዱም ሞቷል አለና መስኮቱን ዘጋ። ሌላ ቀን ሌላ ጸሐፊ አባትሽን ይዘሽ ነይ አለኝ። ልስቅ ነበር፣ አልመጣልኝም።

ልጅ ሳለሁ መላእክትህ ለምን ራስና ክንፍ ብቻ እንደሆኑ ጠይቄህ ነበር። ደረት የላቸው፣ እግር የላቸው፣ ከአንገታቸው ሥር ሁለት ክንፍ ብቻ። አባቶቻችን እንዲህ ነው የሚሥሏቸው፣ መንፈስ ስለሆኑ ሥጋ አያስፈልጋቸውም አልከኝ። ቀጥለህም እየሳቅህ፣ ኬላ ላይ የሚያዘው ገላ ያለው ነው አልክ። ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን በደንብ ገብቶኛል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሚካኤልን ከከበቡት ትንንሽ መላእክት የመጨረሻውን፣ በስተቀኝ ታች ያለውን፣ አንድ ዓይን ሠርተህለት ነው ደረቴን ወጋኝ ብለህ ብሩሹን ያስቀመጥከው። ከዚያ ወዲያ አላነሳኸውም። በእኛ ሥዕል ሁለት ዓይን የጻድቅ፣ አንድ ዓይን የሰይጣንና የይሁዳ መሆኑን ያስተማርከው ሕዝብ ያንን መልአክ እንዴት ይየው? ጎረቤታችን እማማ ትርንጎ ሥዕሉን ስትሳለም ያንን ጥግ በነጠላዋ ትሸፍነው ጀመር። ቀስ በቀስ ሌላውም አጉረመረመ። ባለፈው ወር ቄሱ ጠርተውኝ፣ ለንግሡ ካልተጠናቀቀ ጥጉን በነጭ ቀለም እናጠፋዋለን አሉኝ። የመጨረሻ ሥራህን፣ አባዬ።

አንተ ደግሞ ክንፍ ብቻ ነው ያስተማርከኝ። ዓይን ትደርሺበታለሽ እያልክ ሃያ ዓመት አቆየኸኝ። ይሄን ገና ይቅር አላልኩህም።

ሰባት ቀን ጾምኩ። ለሱቆች ማስታወቂያ ስትጽፍ የተረፈህን ጥቁር ቀለም አቅጥኜ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ሁለቱ ዓይኖች አንድ ቦታ ካላዩ ፊቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ አንተ የሠራኸው ወዴት እንደሚያይ አስቀድሜ ፈለግሁ። ወደ መተማ መንገድ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በሩ ሥር ያለችውን ድንጋይ ነው የሚያየው፣ አንተ ስትሥል የቀለም ጣሳ ይዤልህ የምቀመጥባትን። የሚካኤልን ጭፍራ ለእኔ ጠባቂ አድርገኸው ኖሯል። አልቅሼ ሳበቃ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከርኩ።

ከዚያ ሠራሁት። ትንሽ ጠምሟል፣ ብታየው ትስቅብኛለህ። ትናንት በንግሡ ግን እማማ ትርንጎ ነጠላዋን ሰብስባ ያንን ጥግ ሳመችው።

ሥዕሉ አለቀ እንግዲህ። ፈቃድ የለም፣ ካርድ የለም፣ ጎንደር እንገባለን ያልከኝ አንተም የለህም። ይህን የምጽፍልህ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጬ ነው፤ መልአክህም በሁለቱ ዓይኖቹ ያየኛል። ጠባቂ መልአክ ይባላል። የወህኒ ቤቱንም ዘበኛ ጠባቂ ነው የምንለው። የእኔ የትኛው እንደሆነ ገና አልለየሁም። ግን እንዲህ እያየኝ እንዴት ብዬ እረሳሃለሁ? እዚህ እስካለሁ ድረስ በየእሁዱ እመጣለሁ፣ የገዳሪፍን አቧራ ከሁለቱም ዓይኖቹ እጠርግለታለሁ።

ልጅህ ብርቄ