ለጠርሙሱ የሰጠሁት ስም

ይድረስ ለወንድሜ ለአያ ወልደኢየሱስ ሐዲስ፤ አዲስ አበባ።

እንደምን ሰንብተሃል? ያ የብርድ ሳልህስ ተወህ ወይ? ባለቤትህ ሰብለ ወንጌልስ ደኅና ናት? እኛ ሥላሴ ይመስገን አለን፤ አለን የምለው ግን ስለ እኔና ስለ እናታችን ነው። የአባታችን ነገር እንዲህ በአንድ ቃል አይነገርም።

በጥቅምት ሽንታቸው ደም ሆነ። የቀሐ ኢየሱስ ጠበል ቢጠመቁም አልተዋቸው፤ ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው። ፈረንጁ ሐኪም በቀጭን ብረት ከፊኛቸው የገብስ ፍሬ የምታህል ሥጋ ቆርጦ አወጣና የሚሸት ውሃ ባለበት ጠርሙስ ከተታት። የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ ዋኘው፣ አዲስ አበባ ተልካ በማጉያ መነጽር ትታያለች አለኝ። እብጠቱ ከላይ ከላዩ ብቻ ከሆነ ይፋቃል፣ ሰውዬው ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ሥር ሰዶ ጡንቻውን ከወጋ ግን ዕድሜው አጭር ነው አለ። እንዴ! የሰው ዕድሜ በእግዜር እጅ ነው ሲባል ኖሮ አሁን ጠርሙስ ውስጥ ገባ? ነገሩ አልጣመኝም።

ይባስ ብሎ ጠርሙሱ ላይ የምለጥፈውን ስማቸውን ንገሪኝ አለ። ስምና ሥጋ አንድ ላይ ሆኖ ባዕድ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሠራበት እኛ የደብተራ ልጆች ካላወቅን ማን ሊያውቅ ነው? መጠሪያቸውን ያገኘ ሰው የክርስትና ስማቸውን ለማግኘት ምን ይቸግረዋል? አፌ ላይ የመጣልኝን፣ በላቸው ክንዱ አልሁት። አባታችን ሰምተው ደስ አላቸው።

በወሩ መልሱን ልሰማ ሄጄ ግቢው ውስጥ ተቀመጥሁ። ዋኘው ወረቀት ይዞ ወጣና በላቸው ክንዱ እያለ ሦስት ጊዜ ተጣራ። አቤት የሚል ጠፋ። እኔም ይህ ሰውዬ ምነው ጆሮው ተደፈነ እያልሁ ሳማው ነበር! የእኛ ሳይጠራ ሲቀር፣ ያልሁት ደረሰ፣ ሥጋቸውን አስቀሩት ብዬ እየተራገምሁ ቤቴ ገባሁ። ደሙም ቆሞ ነበርና ጠበሉ ነው አልን።

በመጋቢት ደሙ ብሶበት ተመለሰ። ሥጋውን የት አደረስኸው ብዬ ዋኘውን ልጣላው ሄድሁ። መዝገቡን አገላብጦ ሐዲስ የሚባል የለም ሲለኝ ያን ጊዜ በላቸው ክንዱ ማለቴ ትዝ አለኝ። ወረቀቱ ከሣጥን ወጣ። ገና ከላይ ነው፣ ጡንቻውን አልነካም፣ ሳይውል ሳያድር ይፋቅ ይላል። አራት ወር ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል። ምነው ያን ዕለት ምላሴን በቆረጠው!

አሁን ሥሩ ወርዶ እንደሆን ለማየት ሐኪሙ እንደገና ቆርጧል። የስሙን ነገር ስነግረው ሣቀ፤ ምን ያሥቀዋል? ዛሬም ልቤ አላመነውም። ዋኘው ስም ሲለኝ ግን መጠሪያቸውንም የክርስትናቸውንም ሰጠሁት። አባታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የክርስትና ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ፖስታ ቤቱንም አላምነውም።

አንተንም ቢሆን። ሥራ በዛብኝ ማለትህን አላመንሁም። የአባታችን ቁራጭ ሥጋ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ለአንተ ምነው የጎንደር መንገድ ጠፋህ?

እናታችን ለተ ማርያም ጉንጭህን ስማለች፤ ለሰብለ ወንጌልም ሰላም በይልኝ ብላለች። አባታችን እኔን አኩርፈዋልና ሰላምታቸውን የላኩልህ በእናታችን በኩል ነው። ወረቀቱ ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ይመጣል ተብሏል። ስማቸው ሲጠራ አቤት የምለው እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ የሚለውን ግን ብቻዬን መስማት አልችልምና ና።

እኅትህ አመተ ሥላሴ ሐዲስ
ጎንደር፣ መጋቢት ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.