ሽፋኑን መልሼዋለሁ

ሙሌ፣ ዓይኔ፣

መንፈቅህ ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሐምሌ ገብቷል፤ ከተማችን ሞላሌ ጉም ለብሳ ውላ ታድራለች። እስከ ዛሬ ብዕር ያላነሣሁት ረስቼህ እንዳይመስልህ፤ ተቆጥቼህ ነው። ቁጣው አሁንም አልወጣልኝም። ግን ሳላማክርህ የሠራሁት ነገር አለና ከሌላ ከምትሰማው ከሚስትህ አፍ ስማው።

አባትህ አባባ ከገጠር መጥተው ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ልጆቹን ሒሳብ ሳስተምር መዋሉ ይሻለኝ ነበር። የሠራኸውን የገብስ መውቂያ ስታስተምርበት የነበረው ኮሌጅ መጋዘን አስገብቶ ቆልፎበታል። ለመውቂያው ሽፋን የቆረጥኸው ላሜራ ግን እኛ ግቢ ነው፤ የማገዶ እንጨት እንከድንበታለን። ዝናብ ሲወርድበት ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማል።

የመውቂያውን ንድፍ ስትጀምር ትዝ ይልሃል? አሮጌው ኮምፒውተርህ ከባድ ፕሮግራም አልሸከምም ሲልህ፣ ሳይጫን እዚያው ኢንተርኔት ላይ የሚሠራ አገኘህ። በነፃ ነው፤ ግን በነፃ የተሠራበትን ንድፍ ዓለም ሁሉ ያየዋል፣ የፈለገም ይገለብጠዋል። እኔ ከፋኝ፤ አንተ ጭራሽ ደስ አለህ። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ግማሽ ተሥሎ ከቀረ ብረት ፊት ተቀምጠህ ስትጠብቅ፣ ኮምፒውተሩን ጣውንቴ እለው ነበር። አብረውህ ብየዳ የሚያስተምሩት «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እያሉ ሲያሾፉብህ፣ «ይቁረጡት፣ ብቻ ይረሱበት» ትላቸዋለህ። ያንን ስትል እኮራብህ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልነገርሁህም።

ታኅሣሥ ላይ ገበሬዎቹን አውድማ ሰብስበህ ስታሳይ ሽፋኑን ያወለቅኸው ለእነሱ ብለህ ነው። ቺንጋው፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ተነሥቶ መውቂያውን እንዴት እንደሚያዞር ይዩት፣ የሚደበቅ ነገር የለውም አልህ። ብርድ ነበርና ጋቢህን ደርበሃል። ሞተሩ እየሠራ አባትህ ደረሱ። ሌላ ሰው ቢሆን ራሱን ነቅንቆ ሥራውን ይቀጥል ነበር። አንተ ግን ካጎነበስህበት ብድግ አልህ፣ ጋቢህን ከትከሻህ ዝቅ አደረግህ፣ «ኖር» አልህ። የጋቢህ ጫፍ ቺንጋው ውስጥ ገባ። ሞተሩን ሊያጠፉ የሮጡት አልደረሱም። አባባ «በእግዜር» ሊሉህ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ሲሄዱ ገና ከደጅ «አትነሡ! አትነሡ!» እያሉ ይጮኻሉ። መጀመሪያ የሳቀ ሰው ነበር፤ አሁን ማንም አይስቅም።

ባለፈው ሰኞ የይለፍ ቃልህን ከደብተርህ ጀርባ አግኝቼ የንድፍህን ገጽ ከፈትሁ። ልሰርዘው ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ። ከንድፉ ሥር መልእክት አገኘሁ። ዓለም ከተማ ብየዳ ቤት ያለው ሰው ነው፤ መውቂያውን ከንድፍህ ላይ ሠርቶ ጨርሷል፣ ቅዳሜ ሰው ሰብስቦ ሊያስነሣው ነው። «ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ» ይልሃል፤ መሞትህን አያውቅም። ፎቶም ልኮልሃል። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሽፋን ከሌለው ቺንጋ አጠገብ ቆሞ ይስቃል።

መሰረዙ ምን ይፈይዳል? የገለበጠው ገልብጦታል። ፕሮግራሙ የሠራኸውን ሁሉ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ አስቀምጦታል፤ ወደ ኋላ እየሄድሁ አንድ በአንድ አየሁት። ሽፋኑን አገኘሁት፣ ሙሌ። ብሎኑ ሳይቀር በእጅህ ተሥሏል። ከማሳያው ሦስት ቀን በፊት፣ ውስጡ በደንብ ይታይ ብለህ ይሆናል፣ ከንድፉም አውጥተኸዋል። ሰው ሁሉ የወሰደው ያንን ነው። አለቀስሁ፤ ሰደብሁህም።

ሽፋኑን መመለስ ጊዜ አልወሰደብኝም። የከበደኝ ከሥሩ የሚጻፈው ነው። «ሽፋን ሳትገጥሙ አታስነሡ» ቢባል ማን ይሰማል? አንተው ራስህ ሥለኸው አልሰማህም። ሰው የሚሰማው እንዴት እንደሞትህ ሲነገረው ነው። ያ ከተጻፈ ደግሞ የአባባ መምጣት አደባባይ ሊወጣ ነው። ልጁን ያስገደለ አባት ቢባሉስ ብዬ ሁለት ቀን ተጨነቅሁ። ሐሙስ ነገርኋቸው። ቀና ሳይሉ፣ «ጻፊው» አሉኝ። «አባቱን ሊያከብር ሲነሣ ነው በይ። እኔን የመሰለ አባት አይጨመር።»

እንዳሉት ጻፍሁ። ለዓለም ከተማው ሰውም ለብቻው ላክሁለት። ዓርብ ኔትወርክ ጠፋ፤ መድረሱን ሳላውቅ ቅዳሜ ነጋ። ያን ቀን እህል አፌ አልገባም። አባባም በየሰዓቱ «መለሰ?» ይሉኛል። አመሻሽ ላይ ፎቶ መጣ። መውቂያው አልተነሣም፤ ሰውየው በሸሚዝ ሆኖ ላሜራ ይቆርጣል። ጋቢው ከኋላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ነፍሱን ይማር» ብሎ ጽፏል። አባባ ስልኩን ተቀብለው ጋቢውን ብቻ ሲያዩ ቆዩ።

ያለ ሽፋን የገለበጡት ሌሎቹ የት እንዳሉ አላውቅም፤ ፍርሃቱ አብሮኝ ያድራል። ንድፉ ግን በስምህ እንደተከፈተ ይኖራል፤ የሚወስደው ሁሉ አሟሟትህን አንብቦ ይወስዳል። እኔም ገብስ በደረሰ ቁጥር ገጹን ከፍቼ ሽፋኑ ከቦታው መኖሩን አያለሁ። በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፤ በዚህ ደግሞ አላሾፍም።

አባባ ይህችን ጨምሪልኝ ብለዋል። ያን ዕለት ሳትደርስህ የቀረች ናት፦

በእግዜር፣ ልጄ። በእግዜር፣ ተቀመጥ።