ስዊድኖች የሠሩት መድረክ

ረቡዕ
ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አለቀ። እሁድ ቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃውን የገዛበትን አምስተኛ ዓመት ያከብራል፤ እኔ መድረክ ላይ ቆሜ የሕንፃውን ታሪክ አነባለሁ። የምሠራበት ሆቴል ሱፐር ቦውል የሚሉት የአሜሪካኖቹ ትልቅ ጨዋታ ከተማችን ከተደረገ ወዲህ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም፤ ቢሆንም አልጋ እያነጠፍኩ በልቤ አንድ ገጽ ወጣልኝ።

እስካሁን የማውቀው፦ የሠሩት ስዊድኖች ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጡ በየተራ ጡብ ደረደሩ። እንደኛው ሰው አገር የመጡ ስደተኞች። የመድረኩ አናጺ የልጅ ልጅ፣ ኢንግሪድ የሚባሉ አዛውንት፣ ክሪስታል በምትባል ጎረቤት ከተማ ይኖራሉ። የክብር እንግዳችን ናቸው።

ሐሙስ
ኢንግሪድ ቤት ሄድን። መኪናውን የነዳችው ልጄ ሶልያና ናት፤ ገና ተለማማጅ ስለሆነች እየጸለይኩ ደረስኩ።

የስዊድኖቹን ቤተ ክርስቲያን የድሮ ቃለ ጉባኤ አውጥተው ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎሙ አነበቡልን። ዓመት ከዓመት አንድ ጭቅጭቅ፦ ልጆቹ ስዊድንኛ አይገባቸውም፤ ስብከቱ በእንግሊዝኛ ይሁን አይሁን? ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። እሺ ሲሉ ልጆቹ ሄደዋል። «በመጨረሻ አሥራ አንድ ቀረን፤ ሸጥነው» አሉ፣ እንደ ዋዛ።

ስንመለስ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ሕግ ትዝ አለኝ። «ከመድረክ አማርኛ ብቻ» የሚለውን ሕግ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ተጨብጭቦልኝ ነበር።

ዓርብ
ሦስት ገጽ ሞላ። ለሶልያና አነበብኩላት።

«ኢትስ ጉድ፣ ማሚ» አለች በእንግሊዝኛ፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። «ግን ኢንግሪድ አማርኛ አይገባትም።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮሚቴ ተቀምጠን ስለ ወንበርና ስለ ምግብ ስንከራከር አንዳችንም አላሰብነውም። እንግዳዋን ፊት ወንበር አስቀምጠን፣ የገዛ አያታቸውን ታሪክ በማያውቁት ቋንቋ ልናነብላቸው! የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ወንድም ደረጀ ጋ ደወልኩ፤ ሶልያና በእንግሊዝኛ ታንብብ አልኩ።

«እህት አልማዝ፣ ሕጉ የማን ነው?» አሉ እየሳቁ።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው እኔ ሆንኩ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ልነጋገርበት ብለውኛል።

ቅዳሜ
መልስ የለም። ሶልያና ግን ሳትጠብቅ እየተረጎመች ነው። «ጡብ» ምንድን ነው? «አናጺ» ምንድን ነው? ይህን ያህል አማርኛ ጠይቃኝ አታውቅም። ሥራ አስመስዬ አጠገቧ ዋልኩ።

እሁድ
ወንድም ደረጀ በር ላይ ጠበቁኝ። «ተፈቅዷል። ለዛሬ ብቻ።»

አንድ አንቀጽ እኔ፣ አንድ አንቀጽ እሷ። የአያታቸው ታሪክ ጋ ስንደርስ ኢንግሪድ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና የመድረኩን ጠርዝ ዳሰሱ። ኮራሁ። በሕንፃው፣ በሠሩት ሰዎች፣ ከሁሉ በላይ በልጄ።

ከመድረክ ሁሉም ይታያል። የኋላ ወንበር ላይ ስልክ ሲነካኩ የሚውሉት ልጆቻችን ቀና ብለው ያዳምጡ ነበር። ወንድም ደረጀም ዞረው እነሱን ነበር የሚያዩት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሕጉ ይሻር እላለሁ። አሁን የሚያጨበጭብልኝ መኖሩን እንጃ።