የለመንነው ዝናብ

ዱብቲ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1978

እዚህ አንድ ጠብታ አልወረደም። ጎርፉ የመጣው ከእኛው አገር፣ ከወሎ ተራሮች ነው፤ የሚሌ ወንዝ ሞልቶ አዋሽን አሳበደው።

ትናንት ውሃው ወደ መንግሥት ጥጥ እርሻው ሊገባ ሲል የእርሻው ኃላፊ ሽጉጡን መዝዞ የዶዘር ነጂውን ባሌን ሰይድን፣ «ዶዘርህን አስነሳ! ግድቡን በግጦሹ በኩል ቁረጠው! ጥጡ ከሚጠፋ ግጦሹ ይጥፋ!» አለው። ቆረጠው። በግጦሹ በኩል የአፋሮች ቤት ነበረ።

ዛሬ ጠዋት አሲያ መጣች፤ ለሻይ ቤቴ የግመል ወተት የምታመጣልኝ አፋሯ ጎረቤቴ። ወተት አልያዘችም። በበትሯ የሰይድን ግንባር ፈነከተችው። ደሙ ሸሚዙን አራሰው፤ እሱ ግን እጁን እንኳ አላነሳም። እኔ ፀጉሯን ይዤ ደጃፉ ላይ ጣልኳት። ክንዴን ነክሳ ቦጨቀችው። ጉሮሮዋን ሳንቃት፣ «ልጄን ውሃ ወሰዳት» አለች። ለቀቅኳት።

«ደመናው የእናንተ አገር፣ ዝናቡ የእናንተ አገር፤ ሬሳው ብቻ የእኛ!» ብላኝ ሬሳ ፍለጋ አዋሽ ወደሚያልቅበት ወደ አፋምቦ ሐይቅ ወረደች።

ሰይድ ጭንቅላቱን በጨርቅ አስሮ፣ «አዋሽ እንደሆነ ባሕር አይደርስም፤ ታች ሐይቁ ላይ ፀሐይ ትጠጣዋለች» ይላል። ጠጥታውስ? ደመና ሆኖ መመለሱ አይቀር።

መግሪብ ሰግጄ እጄን ዘረጋሁ። በወሎ በኩል ይበርቃል። ምን ብዬ ልለምን? በድርቁ ጊዜ ለወሎ ዝናብ ዱዓ ሳደርግ፣ አጠገቤ ተቀምጣ «አሚን» ትል የነበረችው አሲያ ናት።